በቀን የተነገረ ተረት

የከሚሴው አዳራሽ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ገና ከካርቶን ያልወጡ መጻሕፍት ሽታ፣ ያ ሙጫና ቀለም የተቀላቀለበት፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ካፊያ የነካው የከብት ጀርባ ሽታ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ወደ ገበያ ከሚነዱት በሬዎች የመጣ። ሁለቱ ለየብቻቸው ምንም አይሉኝም። አንድ ላይ ሲመጡብኝ ግን እግሬ ይያዛል። ወላሂ፣ እዚያው እንደቆምኩ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

"ግቢ እንጂ፣ ፕሮግራሙ ሊጀመር ነው" አለኝ የልጆች መጻሕፍት ፌስቲቫሉ አስተባባሪ። "ለልጆቹ አንድ ተረት ትነግሪልኛለሽ፤ ከመጽሐፍሽ ሳይሆን በቃልሽ።"

"አሁን? በቀን?" አልኩት።

ሳቀብኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ከመግባቴ በፊት ዞር ብዬ የግቢው በር መዘጋቱን አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ግን ልማድ ክፉ ነው፤ ደግሞ ምክንያት አለኝ።

ያን ዓመት የምኖረው ከአባቴ ታላቅ እህት ከከድጃ ጋር ነበር። በኛ አገር በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኔም አዳዳ ነበር የምላት። ከጨፋ ሮቢት ማዶ ያለው የአባቴ ቀበሌ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። አራተኛን እንደጨረስኩ አዳዳ መጣችና "ይቺን ልጅ ስጡኝ፣ ከሚሴ ትማር" ብላ ይዛኝ ሄደች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም የላትም። ያላት ሁለት ክፍል ቤት፣ ቡሬ የምትባል ዝንጉርጉር ላም፣ እና ምላስ ነበር። የቡሬን ወተት ሰፈሩ ይወደዋል፤ የአዳዳን ምላስ ግን ይፈራዋል።

የምንተዳደረው በቡሬ ወተት ነበር። በፊተኛው ዓመት የወለደችው ጥጃ ግን ሞቶ ወጣ፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ነጠፈች። እኔ ስመጣ እንደገና ከብዳለች። እስክትወልድ አዳዳ የሰው ማሽላ እያበጠረች ነበር የምታበላኝ። አባቴ ለገበያ በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ይልና "እቴ፣ ልጅቱን ልውሰዳት እንጂ፣ ለአንቺም ይቅለልሽ" ይላታል። የአዳዳ መልስ አንድ ነው፤ "ቡሬ ትውለድና እንነጋገራለን።" አንዳንድ ጎረቤት ደግሞ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለ ያሾፍባታል። ስለዚህ እኔ አንድ ነገር ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ቡሬ በሰላም ከወለደች እማራለሁ፤ ካልሆነላት ደብተሬን ጠቅልዬ ወደ ቀበሌ ነው።

ሥራዬም እሷው ነበረች። በልጉ የዘገየበት ዓመት ነው፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ሣር እንኳ ቢጫ ሆኗል። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ላሞች የሚያግዱትን ሽማግሌ፣ አባ ኡመርን፣ ተከትዬ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ፤ እሳቸው ላሞቹን፣ እኔ ሣሩን። ስመለስ ከመንገድ ዳር ሸንኮራ ሻጮች የሸንኮራ ጫፍ እለምናለሁ። ቡሬ የሸንኮራ ጫፍ ስታይ ዓይኗ ይበራል። ስትበላ ጆሮዬን ሆዷ ላይ እለጥፋለሁ። ሙቀቷ ጉንጬን ያልበዋል፤ ውስጧ ይንጎዳጎዳል፣ ይንቦጫረቃል። ጥጃው የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር።

"ምን አለሽ?" ትለኛለች አዳዳ።

"አሰላሙ ዐለይኩም አለኝ።"

"ጨዋ ልጅ ነው። ታዲያ ወዐለይኩም ሰላም አትይውም?"

እለዋለሁ። አፌን ቆዳዋ ላይ አድርጌ፣ ፀጉሯ ከንፈሬን እየኮሰኮሰኝ።

ከመግሪብ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ደጃችን ይሰበሰባሉ። አዳዳ ተረት ታውቃለች። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ አንዳንዴ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ግን ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት የለም። በቀን የተረተ ከብቱ ይጠፋበታል። ይሄን የነገረቻት እናቷ ናት፣ ለእናቷም እናቷ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ "አንዴ ብቻ" ብዬ ብለምናት የሰፌዱን ጠርዝ አናቴ ላይ አሳረፈችው፤ ቀስ ብላ ነው፣ ግን ገባኝ።

እኔ ደግሞ ነገሩን በራሴ መንገድ ተረድቼው ነበር። አዳዳ "ተረት ተረት!" ስትል እኛ ምን እንላለን? "የላም በረት!" አገር ሙሉ የሚለው ነው። ለእኔ ግን ትርጉሙ ወለል ብሎ የሚታይ ነበር፤ ተረት ሲጀመር የላም በረት ይከፈታል ማለት ነው። ማታ ቢከፈት ችግር የለም፣ ከብቱ ተኝቷል። በቀን ከተከፈተ ግን ከብቱ ቆሟል፣ ዓይኑም ያያል፣ ወጥቶ ይሄዳል። በቃ። አዋቂዎች ይሄን የሚያህል ነገር በግልጽ አለመናገራቸው ይገርመኝ ነበር።

ከተረቶቿ ሁሉ የምወደው የጅቡን ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ከላሟ ጋር ትኖራለች። ጅብ ላሟን ሊበላ ይመጣና በሩን ያንኳኳል፤ "የአላህ እንግዳ ነኝ" ይላል። እንግዳ አይመለስም፣ ትከፍትለታለች። ጅቡም ቢሆን የኛ አገር ጅብ ነውና ሰላምታ ሳይጨርስ አይበላም። ሴትዮዋ ትጀምራለች። "አካም ጅርታ? እንዴት ነህ? መኒ ነጋ? ቤቱ ሰላም ነው? እጆሌን ነጋ? ልጆቹ ሰላም ናቸው? ሎን ነጋ? ከብቱ ሰላም ነው?" ጅቡ ለእያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ" ማለት አለበት። የአጎቱን ትጠይቀዋለች፣ የአጎቱን ሚስት፣ የሚስትየዋን ፍየሎች። ሲጠየቅ ሲመልስ ወፍ ይንጫጫል፤ ጅቡም ባዶ ሆዱን አንጠልጥሎ ይሄዳል። የጅቡን መልስ የምንመልሰው እኛ ነን። በተለይ "ሎን ነጋ?" ስትል የሰፈሩ ውሻ እስኪነሳ ነው "አልሐምዱሊላህ!" የምንለው።

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን፣ ቲቸር ይመር፣ ክፍል ገባና ጠመኔ ሳያነሳ "ልጆች፣ ደራሲ ልትመጣ ነው" አለን። የልጆች መጻሕፍት ፌስቲቫል ከአዲስ አበባ ተነስቶ እስከ ደሴ በየከተማው እያረፈ ይሄዳል፤ ከሚሴም አንድ ጠዋት ይቆያል። ለልጆች የምትጽፍ ትርሲት የምትባል ደራሲ አብራ ትመጣለች።

ክፍሉ እርስ በርሱ ተያየ። የደስታ አልነበረም። ለኛ ደራሲ ማለት የሞተ ሰው ነው! መጽሐፋችን ላይ ያሉት በሙሉ ሞተዋል፤ ቲቸር ስለነሱ ሲያወራ "ነበሩ" ነው የሚለው፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። አጠገቤ የምትቀመጠው ዘምዘም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በምንድን ነው የሚያመጧት?" አለችኝ።

"በምን ይሆናል፣ በአምቡላንስ ነዋ" አልኳት።

ቲቸር ቀጠለ። ደራሲዋ የአካባቢውን ተረት ከባለቤቱ አፍ መስማት ትፈልጋለች። ቤቱ ተረት የሚያውቅ ትልቅ ሰው ያለው ማነው? እጄ እኔን ሳያማክር ወጣ። "የኔ አዳዳ!"

"ጎበዝ ሀዋ! አንቺ ደግሞ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ እየመለስሽ ትነግሪያታለሽ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አዳራሽ።"

ጠዋት። ያኔ ነው የአዳዳ ሕግ ትዝ ያለኝ።

ማታውኑ ቲቸር ቤታችን ድረስ መጣ። አዳዳ ወንበር ሰጠችው፣ ውሃ ሰጠችው፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቀችው፣ ከዚያ "አይሆንም" አለችው።

"እትዬ ከድጃ፣ ይሄ እኮ አጉል እምነት ነው" አላት።

"አንተ ስንት ከብት አለህ?"

"እኔማ የለኝም።"

"እና ምን ቸገረህ!"

ቲቸር አንገቱን አከከ። እንግዶቹ በቀትር ወደ ደሴ እንደሚሄዱ፣ ወደ ማታ ሊያዞረው እንደማይችል፣ የሀዋ ስም ፕሮግራሙ ላይ እንደገባ፣ ደራሲዋም ይሄን ሰምታ በጣም እንደጓጓች ነገራት። "እንግዳ ናት እትዬ፣ ምን ብዬ ልመልሳት?" አለ በመጨረሻ። እንግዳ የሚለው ቃል አዳዳን አቅም ያሳጣታል። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓሮ ያለችውን ቡሬን አየች።

"ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት አሉ" አለች። "ልማከር።"

የተማከረችው አባ ኡመርን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ኋላ ስለዋሉ፣ የከብት ነገር ሲሆን ሰፈሩ ሌላ ሰው አይጠይቅም። በማግስቱ ጠዋት ላሞቻቸውን አቁመው ሰሟት፤ በትራቸው ላይ ተደግፈው ረጅም ጊዜ አሰቡ። እኔ ከሣር ማጨዴ ጋር ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ።

"ይኸውልሽ ከድጃ" አሉ፣ "ከብት የሚጠፋው ባለቤቱ ሲዘናጋ ነው። ተረት ደግሞ ተራቹንም ሰሚውንም ያዘናጋል። የቀን ተረት ክፋቱ ይሄው ነው። ገመዷን በእጅሽ ከያዝሽ ወዴት ትጠፋለች?"

"አንቱ፣ ላሜን ይዤ አዳራሽ ልሂድ ነው የሚሉኝ?"

"ምን ይላል! ሰው ልጁን ይዞ ይሄድ የለም?"

አዳዳ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነገሩ ልክ ነበር። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። አዳዳ ወደፊት እንደሄደች ቀረብ ብዬ "አባ፣ አንቱ ደግሞ የግቢውን በር ይጠብቁልኛል?" አልኳቸው። "አብሽሪ፣ እጠብቅልሻለሁ" አሉኝ።

የፌስቲቫሉ ዕለት ጠዋት አዳዳ ለዒድ የምትለብሰውን ሻሿን አሰረች። እኔ የታጠበ ዩኒፎርም ለብሻለሁ። ቡሬ የሸንኮራውን ጫፍ አሽትታ ተወችው። ነገርኳት ለአዳዳ። ጎኗን ዳሰሰች፣ ከኋላ አየቻት፤ "ገና ሳምንት አላት፣ ሙቀቱ ነው" አለች። እንዲህ ብላ ስትሳሳት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በአስፋልቱ ዳር ሦስታችን ሆነን ስንሄድ ባጃጁ ሁሉ ጡሩንባ ይነፋብናል። "ከድጃ፣ ወዴት ነው?" ይሏታል። "ፌስቲቫል!" ትላለች፣ ቃሉን ሰብራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። "ላም አትገባም።"

"እኔስ እገባለሁ?"

"እርስዎማ እንግዳ ነዎት።"

"እኔ ከገባሁ እሷም ገባች። እሷ ከቀረች እኔም ቀረሁ።"

ቲቸር ይመር ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ። ክራቫት አስሮ ነበር፣ ምስኪን። ቡሬን ሲያይ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። በዚህ መሃል ከኋላው አንዲት አጠር ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ብቅ አለች፤ ሙዝ እየላጠች። በሩ ላይ ስትጠብቀኝ የነበረችው ዘምዘም ክርኗን ጎኔ ውስጥ ሰካችው።

"ትበላለች!" አለችኝ።

ወደ ሴትዮዋ መሄድ የለብኝም ነበር፣ ግን ሄድኩ። "ቲቸር፣ እርስዎ አልሞቱም እንዴ?" አልኳት።

"ሀዋ!" አለ ቲቸር ይመር፤ ክራቫቱ ያነቀው መሰለኝ።

ደራሲዋ ግን ሙዙን እንደያዘች ሳቀች። "እስከ ትናንት ደህና ነበርኩ፤ በዚህ በከሚሴ ሙቀት ግን ምን እንደምሆን እንጃ" አለች። ደራሲ ሁሉ የሞተ ይመስለን እንደነበር ነገርኳት። እጄን ያዘችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። "ይሞቃል?" አለችኝ። ይሞቃል። የሙዝ ሽታም ነበረው። ከዚያ ወደ ቡሬ ዞረች፣ ወደ አዳዳ፣ ወደ ገመዱ። ቲቸር ነገሩን በጆሮዋ አስረዳት። እኔ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ልጆቹን ጠራቻቸው። "እኛ እንወጣለን!"

ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ደራሲዋም እንደኛው መሬት ላይ። ከጀርባችን የመጻሕፍቱ ጠረጴዛ፣ ፊታችን አዳዳ፣ ከአዳዳ ጎን ቡሬ። አባ ኡመር ቃላቸውን ጠብቀው በሩ ላይ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ በአዳዳና በደራሲዋ መሃል። ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል ዓይኔን ትወጋኛለች። በቀን፣ በገዛ አፌ፣ ልጀምረው ነው።

"ተረት ተረት!" አለች አዳዳ። ገመዱን እጇ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው።

"የላም በረት!" አለ ግቢው ሙሉ። እኔ ዞሬ በሩን አየሁ። አባ ኡመር ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ሴትዮዋ መጣች፣ ጅቡ መጣ፣ አንኳኳ። አዳዳ ትላለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ደራሲዋ ዓይኗን ከአፌ ላይ አትነቅልም። ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። "የአላህ እንግዳ ነኝ" ስል የጅቡን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ፤ ልጆቹ ሳቁ። መናገር እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር። ለአንድ አፍታ ቡሬን ረሳኋት።

ያኔ ነው ቡሬ የተኛችው። መጀመሪያ በጉልበቷ፣ ከዚያ በጎኗ፣ ረጅም ትንፋሽ አውጥታ። ከኋላዋ ውሃ ፈሰሰና የደረቀውን አፈር አጨቀየው። ሽታው መጣ፤ ሙቅ፣ ጨዋማ፣ ከአዲሶቹ መጻሕፍት ሽታ ጋር የተቀላቀለ።

አዳዳ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው። ሁለት ነበር መውጣት ያለበት፣ ከላዩም አፍንጫ። ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ ያለፈው ጥጃም እንዲሁ ነው የሞተው ሲባል ሰምቻለሁ። ተረቱ በረቱን ከፈተው፣ ቡሬ ግን በእግሯ አይደለም የምትጠፋው፣ እንዲህ ነው የምትጠፋው አልኩ በልቤ። ዱዓ ልያዝ ብል አንድም ቃል አልመጣልኝም።

"ተረቱ ይቁም፣ ሰው እንጥራ" አለ ቲቸር ይመር።

"የተጀመረ ተረት አቋርጬ? ጭራሽ!" አለች አዳዳ። "ሳሙና! ውሃ!" የእንግዶቹ የታሸገ ውሃ በካርቶን መጣ። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታጠበች። ገመዱን ደግሞ ለደራሲዋ ሰጠቻት። "ያዢ። ምንም ቢሆን እንዳትለቂ!" ደራሲዋ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ። አባ ኡመር በትራቸውን ጥለው መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ግን በሩን ዘጉት፣ አይቻለሁ።

አዳዳ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ፊቷ ወደኛ ነው፣ ዓይኗ ግን የትም አያይም፤ ጣቶቿ የታጠፈውን እግር እየፈለጉ ነው። በዚያ መሃል "ሴትዮዋ ምን አለች?" አለች ጥርሷን ነክሳ።

"ሰላምታ ጀመረች" አልኩ።

"አካም ጅርታ?"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ልጆቹ።

"መኒ ነጋ?"

"ቤቱ ሰላም ነው ወይ" አልኩ ለደራሲዋ።

"አልሐምዱሊላህ!"

"እሰይ፣ አገኘሁት! አባ ኡመር፣ አሁን!" ሁለተኛው እግር ወጣ። ሁለቱንም ያዙና ልጆቹ "አልሐምዱሊላህ" ባሉ ቁጥር ይስባሉ፤ ቡሬም አብራ ታምጣለች። አዳዳ የጅቡን አጎት ጠየቀች፣ ሳቡ። የአጎቱን ሚስት፣ ሳቡ። ፍየሎቹን ጠየቀች። ቲቸር ይመርም ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሳበ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥጃዋ በአንድ ጊዜ ሸርተት ብላ መሬት ላይ ወረደች።

አልተንቀሳቀሰችም። እርጥብ ጨርቅ የጣሉ ነው የመሰለው። አባ ኡመር በኋላ እግሯ አንጠልጥለው አወዛወዟት፣ አስተኟት። አዳዳ አፍና አፍንጫዋን በጣቷ ጠረገች፣ ሣር ቀጭታ አፍንጫዋ ውስጥ አስገባች፣ ደረቷን አሸች። ከኋላዬ አንድ ልጅ "ሞታለች" አለ። ማንም ዝም በል አላለውም።

አዳዳ በጉልበቷ እንዳለች፣ ማንንም ሳታይ፣ በትንሽ ድምፅ "ሎን ነጋ?" አለች።

የሚመልስ ጠፋ። ደራሲዋ ገመዱን እንደያዘች ወደኔ ዘንበል ብላ "ምን አለች?" አለችኝ።

"ከብቱ ሰላም ነው ወይ አለች" አልኳት።

ጥጃዋ አነጠሰች።

ወላሂ አነጠሰች። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግማ፣ ጆሮዋን አራገፈች፣ ጭንቅላቷን ከፍ አደረገችና እንደ ሰካራም ጣለችው። "አልሐምዱሊላህ!" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ከኔ ቀጥሎ ግቢው፣ ዘበኛው፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት የባጃጅ ልጆች። ዘምዘም አንቃ ሳመችኝ። አዳዳ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና በንጹሑ እጇ ዓይኗን ሸፈነች። ቡሬ አንገቷን አዙራ ልጇን መላስ ጀመረች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ዛሬ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ እፎይታ ግን አልደገመኝም።

ደራሲዋ መነጽሯ በእንባ ተሸፍኖ አሁንም ገመዱን ጨብጣለች። "አሁን ልልቀቀው?" አለች።

"አትልቂ!" አለች አዳዳ። "ተረቱ አላለቀም።"

"ጅቡስ?" አለች ዘምዘም።

"ወፍ ተንጫጫ፣ ጅቡ በባዶ ሆዱ ሄደ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ! አሁን ልቀቂው።"

ለደራሲዋ ይሄኛው ያለኔ አስተርጓሚነት ገባት። ለእንግዶች የተጋገረው ድፎ ዳቦ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ሮጣ ገብታ ቁራሽ ይዛ መጣች። የአዳዳ እጅ ገና አልታጠበም። ስለዚህ በራሷ እጅ አጎረሰቻት። አዳዳም እያኘከች "ጨዋ ነሽ፣ እድግ በይ" ብላ መረቀቻት።

ደራሲዋ ጥጃዋ አጠገብ ተንበረከከች። ወደኔ ዞራ "ይቺም እንደኔ ናት፤ ሞታለች ሲሏት አለች" አለችኝ። አዳዳ ሰማችና "እንግዲያ ስሟ ደራሲ ይሁን" አለች።

እንግዶቹ ደሴ የሄዱት አርፍደው ነው። እኛ ጥጃዋን በጋሪ፣ ቡሬን ከኋላ አድርገን ገባን። የመጀመሪያውን እንገር ለጎረቤት ሁሉ አዳረስን፤ "ላም አለኝ በሰማይ" ሲሉ ለነበሩትም ጭምር፤ ለእነሱማ አዳዳ ጣሳውን ሞልታ ነው የሰጠቻቸው። አባቴ በገበያ ቀን ሲመጣ ቡሬ ስትታለብ ደረሰ። ቁጢጥ ብሎ የወተቱን ድምፅ ሲሰማ ቆየና "እንግዲህ ትማር" አለ። አዳዳ ቀና እንኳ አላለችም። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ መንደሩ የሚሰማው የአዳዳን ጥሪ ነበር፤ "ደራሲ! ነይ ደራሲ! የማነሽ ባለጌ፣ የሰው ጎመን ውስጥ የገባሽ!"

እና ባለፈው፣ የግቢውን በር አይቼ ወደ አዳራሹ ስገባ፣ አዳዳ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች፣ የዒድ ሻሿን አስራ። አባ ኡመር አጠገቧ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው። አስተባባሪው ማይኩን ያዘና ድምፁን አሳምሮ "አሁን ደራሲ ሀዋን እንጋብዛለን!" አለ።

"የትኛዋ ደራሲ? የከድጃ ላም?" አሉ አባ ኡመር ጮክ ብለው፤ ጆሯቸው ደክሟል። የሰፈሬ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተባባሪው ግራ ገባው።

መድረኩ ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቁኛል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፣ የመጻሕፍቱና የበሬዎቹ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።

አዳዳ አየችኝ። ባዶ እጇን ጨበጠችና ከፍ አደረገችው።

"አብሽሪ ሀዋ፣ ተርቺ!" አለችኝ። "ገመዱን እኔ ይዤልሻለሁ።"